ልጄን ሮበን ደሴት ልላከው ወይስ ይቅር?

የአራት ኪሎዋ | ኅዳር፣ እሑድ ማታ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ምክር ፈልጌ ነው።

ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። እዚሁ መሃል ከተማ አንድ የግል ትምህርት ቤት ይማራል። ስሙን አልጠራም፤ ወላጅ እዚህ ሳይኖር አይቀርም። አርብ ዕለት ከደብተሩ መሃል የታጠፈ ደብዳቤ አወጣ። የታሪክ ክበብ አባላት ለሴሚስተር እረፍት ኬፕታውን ሊሄዱ ነው። ዋናው ጉዳይ ሮበን ደሴትን ማየት ነው፣ ማንዴላ የታሰረበትን። አምስት ቀን። 14 ልጆች፣ ሁለት አስተማሪዎች።

ዋጋውን ሳየው ቁጭ አልኩ። የአራት ወር ደሞዜ ነው። አባቱ «በዚህ ብር ላሊበላንም ጎንደርንም አሳይተነው ይተርፈናል» አለ። እኔ ግን ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ልጁ ከአርብ ጀምሮ ወሬው እስር ቤት ብቻ ሆኗል። ትናንት ሜትር ይዞ መታጠቢያ ቤት ገባ። ወጥቶ «እማ፣ የማንዴላ ክፍል እኮ ከዚህ ብዙም አይሰፋም» አለኝ። 2.4 በ2.1 ሜትር ነው አለ። 18 ዓመት እዚያ!

የሄደ ሰው አለ? ለ16 ዓመት ልጅ ምን ይጠቅመዋል? እስር ቤት ለማየት ባሕር ማቋረጥ... እኔ እንጃ።


ሸገር በእግሩ

እስር ቤት ለማየት ትኬት ተቆርጦ? እዚህ እኮ በነፃ ያስገቡሃል። ሃሃሃ።


የአራት ኪሎዋ

እሱማ ጠፍቶኝ አይደለም። ቁም ነገር ያለው ይጻፍልኝ።


ደቡብ ሄጄ መጣሁ

እህቴ፣ እኔ ጆበርግ ሰባት ዓመት ሱቅ ነበረኝ። ኬፕታውን ግን አንዴ ብቻ ነው የሄድኩት። ዕቃ ልገዛ ሄጄ አንድ ቀን ተረፈኝና ደሴቱን አየሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ጀልባው የሚነሳው ዋተርፍሮንት ከሚሉት ወደብ ነው። ባሕሩ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ትቆያለሽ። ማዕበል ካለ ሆድ ይገለብጣል፤ ልጁ ቁርስ እንዳያበዛ ንገሪው። ደርሰሽ ዞር ስትይ ኬፕታውን ከነተራራዋ ፊት ለፊትሽ ናት። ከቅርቡ ዳርቻ 7 ኪሎ ሜትር ግድም ቢርቅ ነው። እኔን የገደለኝ እሱ ነው። ሰው ከተማውን ከነመብራቱ እያየ ነው የታሰረው። ሩቅ ቦታ ቢወስዱት ይሻለው ነበር እላለሁ።

መጀመሪያ በአውቶብስ ያዞሩሻል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን መቃብር አለ። ለካ እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ድረስ ደሴቱ በሽተኛ የሚያገሉበት ነበር። ከዚያ የኖራ ድንጋይ ማውጫው ጋ ትደርሻለሽ። ነጭ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። እነማንዴላ እዚያ ለዓመታት ድንጋይ ሲፈልጡ ከረሙ። የማንዴላ ዓይን የተበላሸው በዚያ ነጸብራቅ ነው። ከማውጫው መግቢያ አጠገብ የድንጋይ ክምር አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. የቀድሞ እስረኞች ተሰባስበው ሲመለሱ ማንዴላ አንድ ድንጋይ አኖረ፣ ሌሎቹም አንድ አንድ እያነሱ ከመሩ። እስካሁን እንደተከመረ ነው።

እስር ቤቱ በር ላይ አስጎብኚው ይቀየራል። እዚያው ታስሮ የነበረ ሰው ነው የሚረከብሽ። እኛን የተቀበሉን ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የምግብ ዝርዝር አሳዩን። ለሕንድና ለክልስ እስረኛ ዳቦ አለ፣ ማርማላታ አለ። ለጥቁር ዳቦ የለም፣ ማርማላታ የለም። ልብሱም እንደዚያው ነው፤ ሕንዱ ረዥም ሱሪ፣ ጥቁሩ ቁምጣ። ሁሉም አንድ ግንብ ውስጥ ታጉረው፣ እዚያም በቆዳ ደረጃ ወጣላቸው። ሽማግሌው ይህን ሲያስረዱ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም፣ የሱቅ ዋጋ እንደሚናገር ሰው። እኔ ሱቅ ስለነበረኝ ይሆናል፣ ያቺ «ዳቦ» የምትል መስመር ከዓይኔ አልጠፋም።

የማንዴላን ክፍል ከጠየቅሽኝ ግን እውነቱን ልንገርሽ። አንድ ደቂቃ ነው። ሰልፍ አለ። በፍርግርጉ ታያለሽ፤ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ። ከዚያ ከኋላ ይገፉሻል። ለክፍሏ ብቻ ብሎ የሄደ ቅር ይለዋል።


የሁለቱ እናት

እኔ ገና ልጅ ናቸው ባይ ነኝ። የእኔን ልጅ ትምህርት ቤቱ አምና መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ወሰደው። ስምንተኛ ክፍል ነበር። ቀድሞ የነገረው ሰው የለም፤ ዘው ብለው ገቡ። የራስ ቅል፣ አጥንት፣ የሟች ልብስ በመስታወት ውስጥ። ሳምንት ሙሉ መብራት ሳናጠፋ ነው ያስተኛነው። ጥፋቱ የሙዚየሙ አይደለም። ልጅን «ነገ ሽርሽር ነው፣ ብስኩትና ጁስ ይዛችሁ ኑ» ብሎ እዚያ የሚወስድ አስተማሪ ነው ጥፋተኛው።

ስለዚህ ክፈዪ አትክፈዪ አልልሽም። ግን አስተማሪው ምን አዘጋጅቷል? እሱን ጠይቂ።


ቾክ በኪሱ

የሁለቱ እናት ልክ ናት። «ሽርሽር» የሚለው ቃል ነው ነገሩን የሚያበላሸው። ዛሬ ልጅ እየፈተንኩ ነው፣ ነገ እመለሳለሁ።


የኮልፌ ልጅ

አንድ ነገር ሁላችሁም ረሳችሁ። ማንዴላ እኮ የኮልፌ ልጅ ነው!

ቀልዴን አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. ሁለቴ አዲስ አበባ መጥቷል። መጀመሪያ በየካቲት ለስብሰባ መጣ፣ ጃንሆይንም አየ። ሁለተኛው በክረምት ለወታደራዊ ሥልጠና፣ እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ሠፈር። ስድስት ወር ሊቆይ ነበር የታሰበው። ሁለት ወር ሳይሞላ ድርጅቱ ኤ.ኤን.ሲ. ቶሎ ና ብሎ ጠራው። ሲሄድ የፈጥኖ ደራሹ አዛዥ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጡት። ያንን ሽጉጥ ጆበርግ አጠገብ አንድ እርሻ ውስጥ ቀበረው። እስከዛሬ ተቆፍሮ ተቆፍሮ አልተገኘም።

አገሩ እንደገባ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 በእኛ። አሁን ይሄን ልብ በሉ። መጀመሪያ የተፈረደበት አምስት ዓመት ነው። ሦስቱ ሠራተኛ ለአድማ ቀስቅሰሃል ተብሎ፣ ሁለቱ ደግሞ ያለ ፓስፖርት ከአገር ወጥተሃል ተብሎ። ከአገር ወጥቶ የት ሄደ? ከሄደባቸው አገሮች አንዱ የእኛው ነው። ሮበን ደሴትን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው ይህን ፍርድ ተሸክሞ ነው። ዕድሜ ልክ የሚባለው የመጣው ኋላ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ነው።

አያቴ ፈጥኖ ደራሽ ነበሩ። «ረዥሙ ሰውዬ» እያሉ ያወሩልን ነበር። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ። ኮልፌ ውስጥ ማንዴላን አላየሁም የሚል ሽማግሌ አጋጥሞኝ አያውቅም።


ሸገር በእግሩ

የአውሮፕላኑን ተውከው እኮ! ከካርቱም አዲስ አበባ ሲመጣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ፓይለቱ ጥቁር መሆኑን ሲያይ ደንግጧል። ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ይነዳል ብሎ። ከዚያ በራሱ አፈረ። ራሱ ነው በግለ ታሪኩ የጻፈው። የእህታችን ልጅም በዚያው አየር መንገድ ነው የሚሄደው፣ ከቦሌ ቀጥታ። እሱ አይደነግጥም። ፊልም መርጦ ይተኛል።


የኮልፌ ልጅ

ስለ ታደሰ ብሩም አልጨረስኩም። ኋላ ጄኔራል ሆኑ። በ1959 ከሜጫና ቱለማ ማኅበር ጋር በተያያዘ ታሰሩ፣ ሞት ተፈረደባቸው፣ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀነሰ። በ1967 ደርግ ረሸናቸው። ሽጉጥ ተቀባዩ ከእስር ወጥቶ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ሰጪው ግን አልተረፉም። የኮልፌ ሰው ማንዴላን ሲያነሳ ይሄኛውን ቶሎ ያልፈዋል።


ቾክ በኪሱ

ተመለስኩ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 58 ልጅ አለ። ኬፕታውን ቀርቶ ባሕር ዳር የሄደ እጁን ያውጣ ብል ከአምስት አይበልጥም። ስለዚህ ስለ ደብዳቤው ሳነብ ትንሽ ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ግን እህቴ፣ ልጁ ይሂድም አይሂድም፣ የደሴት እስር ቤት ለእኛ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ይወቅ። የእኛ ሰው ደሴት ላይ ታስሯል።

ከምፅዋ ማዶ፣ ዳህላክ ውስጥ፣ ኖክራ የምትባል ደሴት አለች። ጣልያን ከ1887 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. እስረኛ ያጉርባት ነበር። ሙቀቱ አይጣል ነው። ከዚያ ደግሞ ሰርዲኒያ አጠገብ አዚናራ አለች። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣልያን መኳንንቱን ከነቤተሰባቸው እየለቀመ ባሕር ሲያሻግር ብዙዎቹ ያረፉት እዚያ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቿ ጋር ነበረችበት። አገሯን ሳታይ በ1940 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ሞተች።

የምወዳት ግን ፖንዛን ነው። መውደድ ከተባለ። ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ታኅሣሥ 1929 እጃቸውን ሲሰጡ ጣልያን ወስዶ እዚያች ደሴት ላይ አሰራቸው። ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላም። በ1943 እ.ኤ.አ. ሙሶሎኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር የት ወሰዱት? ፖንዛ! ይሄን ስናገር ኋላ ወንበር ላይ የተኛው ልጅ ሳይቀር ይነቃል።

እኔ ልጆቼን የማስጎበኘው በእግር ነው። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ። ሐውልቱ ሥር አቆማቸዋለሁ፣ ዙሪያውን የተቀረፀውን ምስል አንድ በአንድ እንዲያዩት። ከዚያ ዞር ብለው የዩኒቨርሲቲውን በር እንዲያዩ አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ ቤተ መንግሥት የነበረውን፣ ቦምቡ የተጣለበትን። ብርም አይጠይቅ። የሚጠይቀው ጫማ ነው።


ሸገር በእግሩ

ፖንዛን ዛሬ ሰማሁ። አፌን ያዝኩ።


የሳር ቤቱ

እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ። ዕድሜዬ ስልሳ ይዟል፣ ጽሑፌ ቢንዛዛ ታገሡኝ።

ደሴት ደሴት ትላላችሁ። እኔ ያደግሁት ሳር ቤት ነው። የእኛ ሰፈር ደሴት ዓለም በቃኝ ነበር። ባሕር የለውም። በጎኑ ታክሲ ያልፋል፣ ሱቅ አለ፣ እኛ ኳስ እንጫወታለን። ሰፈሩን ሁላችንም «ከርቸሌ» ነው የምንለው፤ ቃሉም ከጣልያንኛ የተረፈን ነው፣ እስር ቤት ማለት ነው።

አባቴን በ1970 ወሰዱት። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስንቅ የምናመላልሰው ከእናቴ ጋር ነው። ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ነበረን፣ ሰማያዊ፣ ቀለሙ የተላላጠ። በር ላይ ዘቡ ክዳኑን ያነሳና «ቅመሺ» ይላታል። ከወጡ ትቀምሳለች። ቀጥሎ ጥቅል እንጀራውን በሽቦ ይወጋጋዋል፣ መሃሉ ወረቀት እንዳይኖር። ጥቅልሉ ሲበጣጠስ እናቴ ፊቷን ታዞራለች። ጠዋት ተነስታ በእጇ የጠቀለለችው ነው።

ባዶው ሲመለስ ቤት እስክትደርስ አትጠብቅም። እዚያው አስፋልት ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትከፍተዋለች። የታችኛውን ሳህን በጣቷ ትጠርገዋለች። ንፁህ ከሆነ «በልቷል» ትላለች። ያን ቀን እስከ ቤት ወሬዋ አያልቅም። ወጡ ከተመለሰ ደግሞ ዝም። ደብዳቤያችን ያ ነበር።

«ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» የተባለች ጎረቤትም ነበረችን። የዚያ ዘመን ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል።

አባቴ በ1974 ወጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስልሳዎቹ የጃንሆይ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ኅዳር 14 ቀን 1967 የተረሸኑት በዚያው ግቢ ነው። ጣልያንም በየካቲት 12 ጊዜ ሰው አጉሮበታል። ዛሬ ግን ሂዱና ፈልጉት። በ2007 እ.ኤ.አ. ፈርሷል። በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆመ፣ ጥር 2004 የተመረቀው። 99.9 ሜትር ይረዝማል። ሕንፃውን አልጠላሁትም፤ ያምራል። ግን አንዲት ክፍል ቢተዉልን ምን ነበረበት? ደቡብ አፍሪካዎቹ ሽማግሌውን በራሱ በር ላይ አቆሙትና አስጎብኚ ሆነ። የእኔ አባት ሊያስጎበኝ ቢነሳ በየት በኩል ይገባ ነበር?

ለጠየቅሽው፣ ልጄ፣ አቅምሽ ከቻለ ላኪው።


የኮልፌ ልጅ

ጋሼ፣ እጅ እነሳለሁ። አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ማንዴላ ከእስር በወጣ በአምስተኛው ወር፣ ሐምሌ 1990 እ.ኤ.አ.፣ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ከተማው ሙሉ አጨበጨበለት። ከርቸሌ ግን ያን ቀንም ባዶ አልነበረም።


የሁለቱ እናት

ኅብረቱ በግቢው መታሰቢያ ለማቆም እንዳሰበ ግን ተነግሯል፣ የሰብአዊ መብት መታሰቢያ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ነው። ደግሞ ጋሼ፣ ስለ ምሳ ዕቃው ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ሰው እንዳያየኝ ወጥቼ ተመለስኩ።


የአራት ኪሎዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እሱ እንባ የሚባል አያውቅም፤ ተነስቶ ቡና ሊያፈላ ሄደ። ቡና ማፍላት አይችልም።

ከዚያ የኮልፌውን አነበብኩለት። «ያለ ፓስፖርት ወጥቶ ነው የታሰረው?» አለ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው የእሱን ፓስፖርት ቶሎ አውጡለት» ብሎኝ እርፍ።

ይሄዳል። ዕቁቤ ታኅሣሥ ላይ ይደርሰኛል፣ ቀሪውን አባቱ ይሸፍናል። አስተማሪውንም ጠየቅኩ። ከመሄዳቸው በፊት ስድስት ኪሎና ቀይ ሽብር ሙዚየም ሊወስዳቸው ተስማማ። የሁለቱ እናት፣ ብስኩት ይዛችሁ ኑ እንዳይል አስጠንቅቄዋለሁ።


ደቡብ ሄጄ መጣሁ

ወረቀት እንዳታጎድሉ። ከ18 በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ሲሄድ የልደት ሰርተፊኬትና የሁለታችሁም የስምምነት ደብዳቤ ይጠየቃል። ቪዛው ይዘገያል። የጀልባውን ትኬትም ቀድመው ይግዙ፣ ቶሎ ያልቃል።


የአራት ኪሎዋ | የካቲት፣ ቅዳሜ

ተመልሰዋል! ቃል በገባሁት መሠረት ልጻፍ።

መጀመሪያ በተያዘላቸው ቀን ጀልባ የለም ተባሉ። ንፋስ። በእነሱ በጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳ ንፋስ አለ፤ የከተማውን አየር ያጠራል ብለው «ዶክተር» ይሉታል። ልጆቹ ወደቡ ላይ ሦስት ሰዓት ሲንቀዋለሉ ዋሉ። በማግስቱ ተሳካ። ልጄ ሁለቴ አስመለሰው። ቁርስ አታብዛ ብዬው ነበር፣ የሆቴሉ ቡፌ አሸነፈው።

እኔ ማንዴላን ነው የጠበቅኩት። እሱ ይዞልኝ የመጣው ሶቡክዌን ነው። ሮበርት ሶቡክዌ። እኔ ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከማንዴላው ኤ.ኤን.ሲ. ሌላ የሆነው ድርጅት፣ የፒ.ኤ.ሲ. መሪ ነው፤ የጥቁሮቹን የይለፍ ደብተር ተቃውሞ ሰው ያስወጣው። የተፈረደበትን ሦስት ዓመት በ1963 እ.ኤ.አ. ጨረሰ። ሊፈቱት ሲገባ ለእሱ ብለው ሕግ አወጡና ደሴቷ ላይ አንዲት ቤት ውስጥ ብቻውን አስቀመጡት። ሕጉን በየዓመቱ እያደሱ እስከ 1969 እ.ኤ.አ. አቆዩት። ከሌላ እስረኛ ጋር መነጋገር ክልክል ነው። ሌሎቹ ለሥራ ተሰልፈው በአጠገቡ ሲያልፉ ታዲያ ምን ያደርጋል? ጎንበስ ይልና አፈር ይዘግናል። በጣቶቹ መሃል ቀስ አድርጎ ያፈሰዋል። ቃል የለም። ይህቺ አፈር የእኛ ናት ማለቱ ነው።

ልጄ ይህን ሲነግረኝ ከሶፋው ተነሳ። የአበባ ማሰሮዬን አፈር በእጁ ሙሉ ዘገነና አሳየኝ። ምንጣፌ ላይ። አልተቆጣሁም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጣሁ።

የኳሱን ነገር ደግሞ እሱና አባቱ ሌሊቱን ሙሉ አወሩት። እስረኞቹ እዚያው ውስጥ የራሳቸው ሊግ ነበራቸው፣ ማካና የሚባል ፌዴሬሽን፣ በፊፋ ሕግ የሚመራ። በ2007 እ.ኤ.አ. ፊፋ የክብር አባል አድርጎታል። አባቱ «የእኛ ሊግስ እንደዚያ በተመራ» አለ።

የማንዴላ ክፍል እንደተባለው አንድ ደቂቃ ነው። ፎቶ አንስቷል፤ የፊት ያለችው የክፍል ጓደኛው ፀጉር ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ዋናው። ከመሄዱ በፊት ይሄን ሁሉ አንብቦት ነበር። ተመልሶ በሦስተኛው ቀን «ከርቸሌን አሳዪኝ» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ከሜክሲኮ ታክሲ ይዘን ሄድን። አጥሩ ጋ ቆምን። ሕንፃው፣ ባንዲራው፣ መኪናው። ልጄ ከወዲያ ወዲህ አየና «የቱ ጋ?» አለኝ። እኔም የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ጥበቃ መጥቶ በትሕትና «እዚህ መቆም አይቻልም» አለን። ሄድን።

ጋሼ፣ ልጄ አንድ ጥያቄ አለው። የዓለም በቃኝ ክፍል ስንት በስንት ነበር? ሊሥለው ነው። ሜትር አዘጋጅቷል።


የሳር ቤቱ

ልጄ፣ ስንት በስንት እንደሆነ አልነግረውም፤ እኔ ከበሩ አልፌ ገብቼ አላውቅም። አባቴ ሲያወራ ግን ቤቱ ስምንት ማዕዘን ነው፣ ፎቅና ምድር፣ ክፍሎቹ መሃሉን ግቢ ከበውት ይቆማሉ ይል ነበር። ከግቢው ቀና ሲባል የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ስለ ክፍሉ ስፋት አንድ ቀን አውርቶ አያውቅም። ሰው እንደ ሰርዲን ተጠቅጥቆ ስፋቱን ማን ይለካል? የሚያወራው ስለ ሰማዩ ነበር። ክረምት ሲገባ ደመናው የሚያልፍበትን በኩል ያውቀው ነበር።

እሱ ካረፈ አሥር ዓመት ሆነው። ምሳ ዕቃው ግን ቤቴ አለ። አንድ ቅዳሜ ይዘሽው ነይ፤ እሱን ይለካ።


ቾክ በኪሱ

ጋሼ፣ 58 ልጅ ይዤ ብመጣስ?


የሳር ቤቱ

በአራት ዙር ከሆነ። ወንበር የለኝም።


የሁለቱ እናት

የአራት ኪሎዋ፣ እንኳን በሰላም መጣላችሁ። የእኔ ትልቁም ለከርሞ ሊመዘገብ ነው። የቢጫ ወባ ካርድ የግድ ነው ወይ?


የአራት ኪሎዋ

የግድ ነው፣ ከእኛ አገር ለሚገባ ይጠይቃሉ። ክትባቱ ከመሄጃው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። እኛ አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ደረስን፣ ልቤ ሊቆም ነበር። ካርዱን ፓስፖርቱ ውስጥ በስቴፕለር እንዳትመቺው፤ እኔ መትቼው ተቆጡኝ።